የመዳብ፣ የሊቲየምና የኮባልት የወደፊት ዋጋ፦ ኮምቦልቻ ተቀምጦ የሚያዝዝ ሰው በየትኛው ስሌት ይሂድ?

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ ወይም የሶላር ባትሪ ዋጋ የጠየቀ ሰው የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ዓለም ላይ ጨምሯል»። እሺ ይጨምር። ግን ምኑ ነው የጨመረው? መዳቡ ነው? ዶላሩ ነው? የመርከቡ ኪራይ ነው? ወይስ አቅራቢው ነገ የሚመጣውን ፈርቶ፣ ፍርሃቱን ዋጋው ላይ ደምሮት ነው? አራቱም የተለያዩ ናቸው። መላቸውም ይለያያል።

ይህ መመሪያ አንድ ጥቅል ገመድ ለሚገዛ ሰው አይደለም። በኮንቴነር ለሚያዝዝ አስመጪ፣ ከሦስት ወር በኋላ ለሚያስረክበው ሥራ ዛሬ ዋጋ ለሚሰጥ ኮንትራክተር፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ግዢ ክፍል ለሚሠራ ሰው ነው። የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። መዳብና አሉሚኒየም ከሆነ የገበያውን የወደፊት ዋጋ እመኑት። ኮባልትና መሰሎቹ ከሆኑ የራሳችሁን ስሌት ሥሩ። በሁለቱም ግን ገበያው እናንተ የት እንደቆማችሁ አያውቅም። ለኛ ትልቁ ጣጣ እሱ ነው።

ስለ ውሉ ጥቂት

ፊውቸርስ የሚባለው ዋጋው ዛሬ ተቆርጦ ርክክቡ ለወደፊት የሚቀጠር ውል ነው። በተደራጀ ገበያ በኩል ስለሚያልፍ ገዢና ሻጭ መተዋወቅ የለባቸውም፤ በመሐል ዋስ አለ። የኛ ምርት ገበያ ቡናና ሰሊጥ የሚያገበያየው ለዛሬ ነው። ለብረታ ብረት ዋናው መድረክ እ.አ.አ በ1877 የተቋቋመው የለንደን የብረታ ብረት ገበያ (ኤልኤምኢ) ነው። የታወቀው ውሉ የሦስት ወር ነው። ያኔ መዳብ ከቺሊ በመርከብ ለንደን ለመድረስ ሦስት ወር ገደማ ይፈጅ ስለነበር ነው ይባላል።

ሦስት ወር ለኮምቦልቻ ሰውም እንግዳ አይደለም። ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) ተከፍቶ፣ ዕቃው ተመርቶ፣ ጂቡቲ ተራግፎ፣ በጋላፊ ገብቶ፣ ሚሌንና ባቲን አልፎ ደረቅ ወደቡ እስኪደርስ ያው ነው። ካነሰ እሰየው።

የመጀመሪያው መንገድ፦ የማቆያ ወጪ

በጥር የገዛችሁትን ጤፍ ለሐምሌ ለመሸጥ ብታስቡ ምን ትደምራላችሁ? የገንዘቡን ወለድ፣ የመጋዘኑን ኪራይ፣ ነቀዝና አይጥ የሚወስደውን። የፊውቸርስ መሠረታዊ ስሌትም ከዚህ አይርቅም። የዛሬ ዋጋ፣ ሲደመር ወለድ፣ ሲደመር መጋዘንና መድን።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ መዳብ ዛሬ በቶን 10,000 ዶላር ነው እንበል። የዓመት ወለድ 6 በመቶ ቢሆን የሦስት ወሩ 150 ዶላር ነው። መጋዘንና መድን 40 ዶላር ብንል የሦስት ወር ዋጋው 10,190 ዶላር መሆን አለበት። ገበያው ላይ ያለው ከዚህ ጋር ከተቀራረበ ብረቱ በበቂ አለ፣ ማንም አልተጨነቀም ማለት ነው። የወደፊቱ ዋጋ ከዛሬው ሲበልጥ ነጋዴዎች ኮንታንጎ ይሉታል።

አሁን የሦስት ወሩ ዋጋ 9,900 ነው እንበል። ከስሌቱ በ290 ዶላር ያነሰ ነው። ምን ማለት ነው? ዕቃውን ዛሬ በእጁ የያዘ ሰው 290 ዶላር የሚያወጣ ጥቅም አለው ማለት ነው። ፋብሪካው አይቆምበትም፤ መንገድ ቢዘጋ አይደነግጥም። የወደፊቱ ዋጋ እንዲህ ከዛሬው ሲያንስ ባክዋርዴሽን ይባላል። የፖለቲካ ስጋት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው እዚህ ነው፤ ሰው ነገን ሲፈራ ለዛሬው ዕቃ ይሻማል። ስለዚህ የዛሬውን ዋጋ ብቻ የሚያይ ሰው ግማሹን ዜና ነው የሚያየው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ልዩነቱን ተከታተሉ።

የዚህ መንገድ ጥሩ ጎኑ ንጹሕ መሆኑ ነው፤ ግምት አይበዛበትም። ችግሩ አንድ ነው። ዕቃውን ገዝቶ መጋዘን ማስቀመጥ የሚቻል መሆን አለበት። መንግሥት በር ሲዘጋ የሚከማች ነገር የለም፤ ሒሳቡም አብሮ ይፈርሳል።

ሁለተኛው መንገድ፦ በሮቹን መቁጠር

ኮባልትን እንውሰድ። ከዓለም ምርት ከሦስት እጅ ሁለቱን የሚበልጠው የሚወጣው ከኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ ነው። ዋጋው ወደ ታች ወርዶ ፓውንዱ 10 ዶላር አካባቢ ሲደርስ ኪንሻሳ እ.አ.አ የካቲት 2025 ላይ ኤክስፖርቱን ለአራት ወር አገደች። በሳምንታት ውስጥ ዋጋው በግማሽ ያህል ተሰቀለ። ሰኔ ላይ እገዳው ሦስት ወር ተጨመረበት። ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ በኮታ ተተካ፤ ለ2026 እና ለ2027 በዓመት 96,600 ቶን። በመሐል አይኤክስኤም የተባለው የቻይናው ማዕድን አምራች ሲሞክ የንግድ ድርጅት «ከአቅም በላይ ነው» ብሎ የአቅርቦት ግዴታው እንዲነሳለት አሳወቀ። እንግዲህ ወለድና መጋዘን ደምሮ ዋጋ የቆረጠ ሰው ይህን ሁሉ ከየት ያመጣዋል?

እዚህ ላይ የሚሻለው ሊሆኑ የሚችሉ ሁኔታዎችን መዘርዘር፣ ለእያንዳንዱ ዋጋና ዕድል መስጠት ነው። የዛሬው ዋጋ 100 ይሁን። ኤክስፖርቱ እንዳለ ይቀጥላል፦ ዕድሉ 60 በመቶ፣ ዋጋው 95። ኮታው ይጠብቃል፦ 30 በመቶ፣ ዋጋው 130። በሩ ይዘጋል፦ 10 በመቶ፣ ዋጋው 180። ስታባዙና ስትደምሩት 57፣ 39 እና 18 ነው፤ በድምሩ 114። በማቆያ ወጪ ብታሰሉት 102 ገደማ ይሆን ነበር። በ102 እና በ114 መካከል ያለው ልዩነት የፖለቲካው ዋጋ ነው።

ጎበዝ፣ ቁጥሩን ግን አታምልኩት። የመዘጋቱን ዕድል ከ10 ወደ 20 አድርጉትና የመቀጠሉን ወደ 50 አውርዱት። ውጤቱ ወዲያው 122.5 ይሆናል። ማንም ሰው 10ን ከ20 በእርግጠኝነት መለየት አይችልም፤ ለንደን ውስጥ ከረባት ያሰረውም ቢሆን። ስለዚህ ይህ ስሌት የሚጠቅመው ዋጋውን ለመወሰን ሳይሆን የትኛው ግምታችሁ ኪሳችሁን እንደሚጎዳ ለማወቅ ነው።

ሌላም አለ። 114 የሚባለውን ዋጋ ማንም አይከፍለውም። የሚመጣው ወይ 95 ነው ወይ 130 ነው ወይ 180 ነው። በየወሩ የሚገዛ ትልቅ ፋብሪካ አማካዩ ይበቃዋል፤ አንዱ ወር ሌላውን ያካክስለታል። በዓመት አንዴ አንድ ኮንቴነር የሚያስገባ የደሴ ነጋዴ ግን አማካይ አያድነውም። የሱ ጥያቄ «180 ቢመጣ እከስራለሁ ወይስ እተርፋለሁ?» ነው። እከስራለሁ ካለ አማካዩ 114 ሆነ 122 ለውጥ የለውም፤ ከ180 የሚከላከልለት ነገር መግዛት አለበት።

ሦስተኛው፦ መብቱን ብቻ መግዛት

ኦፕሽን የሚባለው ያ መከላከያ ነው። የተወሰነ ገንዘብ ትከፍላላችሁ። ዋጋው ከወጣ በተስማማችሁበት የመግዛት መብት አላችሁ፤ ከወረደ ትተዉታላችሁ፤ የምታጡት የከፈላችሁትን ብቻ ነው። ለመዳብና ለአሉሚኒየም ጥሩ ገበያ አለው። ለኮባልትና መሰሎቹ ቀጭን ነው፤ ቀጭን ገበያ ላይ ደግሞ መከላከያው ራሱ ይወደዳል። ከዚህ በላይ አልሄድበትም። ከዚህ አገር ሆኖ በቀጥታ የሚገዛው ሰው ጥቂት ነው።

ይልቅ የኒኬሉን ታሪክ ማንሳት ይሻላል። ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር፣ አንድ ትልቅ የቻይና አምራች ደግሞ ዋጋው ይወርዳል ብሎ ብዙ ሸጦ ነበር። እ.አ.አ መጋቢት 8 ቀን 2022 የኤልኤምኢ ኒኬል በቶን ከ100,000 ዶላር አለፈ። ገበያው ግብይቱን አቆመ፤ አልፎም የዚያን ቀን ንግድ ሰረዘው። ዋጋው ይወጣል ብሎ በትክክል የገመተ ሰው ትርፉን አላገኘም። የእንግሊዝ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ በ2025 ኤልኤምኢን 9.2 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጥቶታል። ስጋቱ ሲከፋ መከላከያው ራሱ ሊጠፋ እንደሚችል ማንኛውም ስሌታችሁ ውስጥ ትንሽ ቦታ ስጡት።

የትኛው ማዕድን በየትኛው?

መዳብ። ብዙ አገር ያመርተዋል፤ ገበያው ጥልቅ ነው። የማቆያ ወጪ ስሌት ይበቃዋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የየትኛው ገበያ ዋጋ እንደሆነ ላይ ነው። በ2025 አሜሪካ መዳብ ላይ ቀረጥ ትጥላለች ሲባል የኒው ዮርኩ የብረታ ብረት ገበያ የኮሜክስ ዋጋ ከለንደኑ በጣም ርቆ ወጣ። ሐምሌ 30 ቀን ላይ ግን ዋይት ሀውስ የተጣራ መዳብን ከቀረጡ ነፃ አደረገው። ኮሜክስ በአንድ ቀን 20 በመቶ ገደማ ወደቀ። ለንደን ብዙም አልተነቃነቀም። አቅራቢያችሁ «መዳብ እኮ ሰማይ ነክቷል» ብሎ የኒው ዮርክን ዋጋ ካሳያችሁ «ወንድሜ፣ ዕቃው የሚመጣው አሜሪካ አይደለም» በሉት።

አሉሚኒየም። ከመዳብ ጋር ይመሳሰላል፤ ግን ማዕቀብ ይነካዋል። እ.አ.አ በ2018 ሚያዝያ አሜሪካ የሩሲያውን አሉሚኒየም አምራች ሩሳልን ስትቀጣ ዋጋው በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ2,000 ዶላር አካባቢ ከ2,500 በላይ ወጣ። ዋሽንግተን ቀነ ገደቡን ስታራዝም መልሶ ወረደ። የፕሮፋይል መስኮትና በር የምትሠሩ ሰዎች፣ እንዲህ ባለ ሳምንት ውል አትፈርሙ። ማዕቀብ ሲወጣ ይደምቃል፤ ሲለዝብ ግን ማንም አይነግራችሁም።

ሊቲየም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደሴ ውስጥ ብዙ ወሬ የሚነዛበት እሱ ነው። ቻይና ውስጥ ሊቲየም ካርቦኔት በ2022 መጨረሻ በቶን ወደ 600,000 ዩዋን ተጠግቶ ነበር። በ2025 አጋማሽ 60,000 አካባቢ ወርዷል። አሥር እጥፍ! የጓንግዡ የፊውቸርስ ገበያ በሐምሌ 2023 ውሉን የጀመረው ዋጋው መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው።

አሁን አንድ ባትሪ እንክፈት። ለቤት ሶላር የሚሸጠው 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ውስጥ በግምት 3 ኪሎ ያህል ሊቲየም ካርቦኔት አለ። ዋጋው ጣሪያ በነካ ጊዜ ያ 1,800 ዩዋን ነበር፤ 250 ዶላር ገደማ። በ60,000 ደግሞ 180 ዩዋን ነው፤ 25 ዶላር። ስለዚህ በዚያ በ60,000 ዋጋ ላይ ሊቲየም በ20 በመቶ ጨመረ ቢሏችሁ ባትሪው ላይ የሚያመጣው 5 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ የጨመረ ሰው ሌላ ምክንያት ይንገራችሁ። ደግሞ አብዛኛው የቤት ሶላር ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው፤ ውስጡ ኮባልትም ኒኬልም የለም። «ኮንጎ ዘግታ ነው» ብሎ የዚህን ባትሪ ዋጋ የጨመረባችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ እየቀለደ ነው።

ጋሊየም፣ ጀርማኒየም፣ አንቲሞኒ፣ ሬር ኧርዝ የሚባሉት የማግኔት ማዕድናት? ቻይና ከ2023 ጀምራ አንድ በአንድ የፈቃድ ቁጥጥር ያስገባችባቸው ናቸው። ለነሱ የሚታመን ፊውቸርስ የለም። በሮቹን ከመቁጠር ሌላ መንገድ የላችሁም። ደግነቱ ኮምቦልቻ ውስጥ በቶን የሚያዝዛቸው የለም፤ ሞተርና ቻርጀር ውስጥ ተደብቀው ነው የሚመጡት።

ለንደን የማያውቀው

2.5 ካሬ የሆነ 100 ሜትር ነጠላ ገመድ ውስጥ 2.24 ኪሎ መዳብ አለ። በቶን 10,000 ዶላር ብንይዘው 22.4 ዶላር ነው። መዳብ በ10 በመቶ ቢጨምር አንድ ጥቅል ላይ 2.24 ዶላር ነው የሚመጣው።

አሁን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የሆነውን አስታውሱ። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተባለ። ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ያው 22.4 ዶላር መዳብ በ57 ሲመታ 1,277 ብር፣ በ110 ሲመታ 2,464 ብር ነው። መዳቡ ሳይነቃነቅ የብሩ ዋጋ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የትኛውም የለንደን ውል ከዚህ አይከላከልም።

መንገዱም እንዲሁ ነው። ከኅዳር 2023 እ.አ.አ ጀምሮ ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ መዞር ያዙ። የአገራችን ዕቃ የሚገባው ደግሞ በጂቡቲ ነው፤ የዚያው ባሕር መግቢያ ላይ። ኪራዩና መድኑ ሲጨምር የኤልኤምኢ ዋጋ ባለበት ይቆማል። የአገር ውስጡንም ታውቁታላችሁ። በ2014 ዓ.ም መኸር ደሴና ኮምቦልቻ መጋዘን ለነበረው ሰው መድን የሚለው ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሌላው መያዣ ገንዘብ ነው። ፊውቸርስ ገዝታችሁ ዋጋው ከወረደ ልዩነቱን ያኔውኑ በዶላር አስገቡ ትባላላችሁ። ማርጂን የሚባለው ነው። ዛሬ ዶላር ጠይቆ ዛሬ የሚያገኝ አስመጪ ካለ ቁጥሩን ላኩልኝ። የኤልኤምኢ አንድ የመዳብ ውል ደግሞ 25 ቶን ነው፤ ቶኑ በ10,000 ዶላር ሲታሰብ ሩብ ሚሊዮን ዶላር። አንድ ኮንቴነር ገመድ የሚያስገባ ሰው የሚፈልገው መዳብ ከዚያ ሊያንስ ይችላል። በቴሌግራም «ሊቲየም ፊውቸርስ ላይ በትንሽ ገንዘብ ጀምሩ» የሚሏችሁን ዝም ብላችሁ እለፏቸው።

ስለዚህ ለኛ የሚሆነው ፊውቸርስ መግዛት አይደለም። የፊውቸርሱን ዋጋ ውላችን ውስጥ ማስገባት ነው።

ሦስት ፕሮፎርማ ቢመጣላችሁ

ገመድ አዝዛችሁ ሦስት አቅራቢ ሦስት ዓይነት ዋጋ ይልካል እንበል። አንደኛው ቁርጥ ዋጋ ነው፤ ለሰባት ቀን ብቻ ይጸናል። ሁለተኛው «ከመጫኑ በፊት ያለው ወር የኤልኤምኢ አማካይ፣ ሲደመር በቶን ይህን ያህል ፕሪሚየም (ከመዳቡ ዋጋ በላይ የሚጨመር)» ይላል። ሦስተኛው ቁርጥ ነው፣ ግን ኤልኤምኢ ከ5 በመቶ በላይ ወደ የትኛውም ጎን ከተንቀሳቀሰ ልዩነቱን እንካፈል ይላል።

መጀመሪያ አንደኛውን ክፈቱት። በጥቅሉ ውስጥ ያለውን መዳብ በኪሎ አስልታችሁ በሦስት ወሩ ዋጋ ምቱ። ከቁርጡ ዋጋ ቀንሱ። የቀረው ላስቲክ፣ ሠራተኛ፣ ትርፍና ፍርሃት ነው። ሁለተኛው አቅራቢ የጻፈው ፕሪሚየም ፍርሃት የሌለበት ስለሆነ የሁለቱ ልዩነት ፍርሃቱ ስንት እንደሆነ ይነግራችኋል። ከ3 ወይም ከ4 በመቶ ካልበለጠ እኔ ቁርጡን እመርጣለሁ። ለአገር ውስጥ ደንበኛ ዋጋ ሰጥታችሁ ከሆነማ ያለ ጥርጥር። ከ8 በመቶ ካለፈ ወደ ሁለተኛው ሂዱ፤ ግን ጣሪያ አስገቡበት። «ከዚህ በላይ ቢወጣ ውሉን የመተው መብት አለኝ» የሚል አንድ መስመር በቂ ነው። አቅራቢው ጣሪያውን ከተቀበለ ኦፕሽን በነፃ ሰጣችሁ ማለት ነው። በነፃ እንደማይሰጥ የታወቀ ነው፤ ወለል፣ ማለትም «ዋጋው ከዚህ በታች አይውረድ» የሚል መስመር ይጠይቃል። ስጡት።

ሦስተኛው በወረቀት ፍትሐዊ ይመስላል። አንድ ሐጂ ከዓመታት ንግድ በኋላ የነገሩኝ ነገር አለ፦ «ልጄ፣ ሲወጣ ይካፈሉሃል፤ ሲወርድ ስልክ አያነሱም።» ከምታምኑት አቅራቢ ጋር ካልሆነ አልመክረውም።

ለባትሪ ጉዳዩ ይቀላል። የማዕድኑ ድርሻ ትንሽ ስለሆነ ቁርጥ ዋጋ ውሰዱና ጉልበታችሁን የመላኪያው ቀን ላይ አውሉት። ኮባልት ወይም ኒኬል ያለበት ባትሪ ከሆነ ግን «ከአቅም በላይ» የምትለዋን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቧት። የኤክስፖርት እገዳ በስም ከተጠቀሰ፣ በሩ በተዘጋ ቀን አቅራቢው ይወጣል፤ እናንተ ደግሞ ለደንበኛችሁ የገባችሁት ግዴታ ይቀራል። ያን አንቀጽ ከናንተ የሽያጭ ውል ጋር አንድ ዓይነት አድርጉት። ለሱ የሚሠራው ለናንተም ይሥራ።

የትኛውንም ብትመርጡ ውሉ ላይ አራት ነገር በግልጽ ይጻፍ። የየትኛው ገበያ ዋጋ ነው፣ ለንደን ወይስ ሻንጋይ? የእጅ በእጁ ነው ወይስ የሦስት ወሩ? የየትኛው ቀን ነው? ግብይቱ እንደ ኒኬሉ ቀን ቢታገድ የሚያገለግለው የየትኛው ቀን ዋጋ ነው? በተለይ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ አንድ ቀን እንዲመርጡላችሁ አትፍቀዱ። የአንድ ቀን ዋጋ ማዕቀብ የወጣበት ቀን ላይ ሊወድቅ ይችላል። የወሩን አማካይ ጠይቁ።